የወንደላጤ ጥንስስ

የወር ደመወዝ ከመድረሱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ኪሱን የማይዳብስ ወጣት ሠራተኛ ቢገኝ ይህን ገጽ ይለፈው። ለቀረነው ግን ወጪው ትንሽ፥ ትምህርቱ ብዙ የሆነ አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ አምጥቻለሁ፤ ይኸውም በገዛ እጅ ጠላ መጥመቅ ነው።

«ይህ የሴት ሥራ አይደለምን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። ከዚህ የባሰም አለብኝ። እናቴ ያስተማረችኝ ደብረ ብርሃን ላይ ጠላ እየሸጠች ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ጓደኞቼ ስለ ወላጆቻቸው ሲጫወቱ «እናቴ ነጋዴ ናት» ብዬ ነገሩን አሳልፈው ነበር። ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጋኑን ከቃሉ በስተጀርባ ደብቄው ነበር። ኋላ አስተማሪ ሆኜ ስኳር እንዴት ወደ አልኮል እንደሚለወጥ ሳስረዳ፥ ሰሌዳው ላይ የሣልሁት የወይን በርሜል ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፥ ጠላስ?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። ጠላ ያሳደገኝ ሰው ጥንስስ እንዴት እንደሚጣል አላውቅም!

በተከታዩ የበዓል ዕረፍት የኩሽና ሚዛንና ደብተር ይዤ ወደ እናቴ ሄድሁ። «ጌሾው ስንት ነው?» ስላት «እስኪበቃው» ትላለች። «እንኩሮው እስከ መቼ ይታመሳል?» «እስኪሸትህ።» በዚህ ዓይነት ደብተሬ ላይ አንድም ቁጥር ሊሰፍር አልቻለም። ስለዚህ ዘግና ልትጨምር ስትል እጇን እያስቆምሁ መመዘን ጀመርሁ። «ምን ነካው ይህን ልጅ!» እያለች ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። በሦስቱም ጊዜ ልዩነቱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም ነበር።

ከእጇ የመዘንሁትን ለአንዲት የኪራይ ክፍል አሳንሼዋለሁ። 20 ሊትር ለሚይዝ ትንሽ ጋን 3 ኪሎ የገብስ ዱቄት፥ ግማሽ ኪሎ የብቅል ዱቄት፥ 200 ግራም የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፥ አንድ እፍኝ የተከተከተ የጌሾ እንጨትና 12 ሊትር ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያስፈልጋል።

ብቅል ገበያ ላይ ተፈጭቶ ይሸጣል፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ እንኳ ራሳችሁ አብቅሉት። ገብሱን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፤ አጥልላችሁ በኮባ ቅጠል፥ ኮባ ከጠፋ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሦስት ቀን ያህል አቆዩት። ሥሩ ብቅ ብቅ ሲል ፀሐይ ላይ አድርቁት። ፍሬው ስንቁን የሚያከማቸው በስታርች መልክ ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን እንዳለ ሊመገበው አይችልም። እህሉ ለመብቀል ሲነሣ ግን ያን ስንቅ ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር በውስጡ ያበጃል። ሁለት የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ለይተው አውጥተው ዲያስታዝ ብለው ሰየሙት። ስኳሩ ወደ አልኮል የሚለወጠው ሕይወት ባለው እርሾ መሆኑን ደግሞ ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች አስረዳ። እናቴ የአንዳቸውንም ስም አልሰማችም። ብቅሉን ከእንኩሮው ጋር ላምሰው ስል ግን እጄን መታ አድርጋ «ብቅል እሳት አይንካው፤ ይሞታል» አለችኝ። ዲያስታዝ በብርቱ ሙቀት እንደሚጠፋ እኔ የተማርሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው።

እርሾውን ከሱቅ አትገዙትም፤ ከጌሾው፥ ከእህሉና ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል። ስለዚህ የጋኑ ንጽሕና ዋና ነገር ነው። በግራዋ ቅጠል ደጋግማችሁ እሹት፤ አለቅልቃችሁ ካደረቃችሁ በኋላ በወይራ ጢስ ላይ ድፉትና ይታጠን። (መስኮት መክፈት አትርሱ። እኔ ብረሳው የቤት አከራዬ «እሳት! እሳት!» እያሉ አንድ ባልዲ ውሃ ከነምንጣፌ ደፍተውብኛል።)

የጌሾውን ቅጠል በ3 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ጋኑን ከድናችሁ ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ከዱቄቱ 1 ኪሎውን ስስ ቂጣ ጋግራችሁ አብርዱትና ቆራርሳችሁ ከብቅሉ ጋር ጨምሩ፤ ጥንስስ የሚባለው ይህ ነው። በሁለተኛው ቀን ጆሮ ብታስጠጉ ሲንሾካሾክ ይሰማል። በቀረው 2 ኪሎ ዱቄት እንኩሮውን አዘጋጁ፤ በጥቂት ውሃ አርጥባችሁ ምጣድ ላይ እየበተናችሁ ቡና እስኪመስል ማመስ ነው።

እዚህ ላይ እባካችሁ ታገሡ። የመጀመሪያውን ጥንስሴን የገደልሁት እኔው ነኝ። ሰዓቱ መሽቶ፥ በማግሥቱ የማርመው የፈተና ወረቀት ተቆልሎ፥ እንኩሮውን ከነትኩሳቱ ጋኑ ውስጥ ዘረገፍሁት። መንሾካሾኩ ወዲያው ቆመ፤ በሳምንቱ ስከፍተው ከሆምጣጤ የማይሻል ነገር ሆኖ አገኘሁት። እንኩሮው እጅ እስኪያስችል ሳይሆን ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁት። ከጌሾው እንጨት ጋር ጨምራችሁ ስታሹት ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። ከድናችሁ አምስት ወይም ስድስት ቀን ካቆያችሁት በኋላ የቀረውን ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ሲጠል ከላይ እየቀዳችሁ አጥሉት።

እንዲህ ያለው ጠላ በአብዛኛው ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል አልኮል ይኖረዋል። ተማሪዎቼ ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ስለማውቅ፥ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ላስታውሳቸው። ኬሚስትሪው ይበቃቸዋል። አረቄ ማውጣትን ግን ማንም በቤቱ አይሞክር፤ እሱ ከእሳትና ከመርዝ ጋር መጫወት ነው።

ሦስተኛው ጥምቄ ደግ ወጣልኝ። 5 ሊትር በጀሪካን ሞልቼ፥ እንዳይፈስ ክዳኑን አጥብቄ፥ እናቴን ላስቀምሳት ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈርሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያልጨረሰ ጠላ ጋዝ ማውጣቱን እንደማያቆም ለስንቱ ልጅ አስተምሬያለሁ! ሸኖ ስንደርስ ጀሪካኑ እንደ ነፍሰ ጡር ተነፍቶ ክዳኑ ተስፈነጠረ። ግማሹ በእኔና በጎረቤቴ ሽማግሌ ልብስ ላይ አለቀ። እሳቸውም ጋቢያቸውን እያራገፉ «አይ ልጄ፥ በአፋችን ብትሰጠን ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ከተረፈው ለእናቴ ቀዳሁላት። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለች፤ ዝም ብላ ደገመች። ከዚያ የሰፈር ደንበኞቿ ወደ ተቀመጡበት መደብ ዞር ብላ «የልጄ ጥምቅ ነው፤ ቅመሱት» ብላ ብርጭቆውን አሳለፈችው። ያን ለታ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ጓዳ ጠርታኝ «ጌሾ አብዝተህበታል» አለችኝ። ባለፈው ከእጇ የመዘንሁት እርሱኑ ነው ብላት፥ የእሷ ጌሾ የከረመ መሆኑን፥ እኔ የምገዛው ግን አዲስ ስለ ሆነ እንደሚበረታ ነገረችኝ። ከከረጢቱ ጥቂት ዘግና «ይህን ያህል ቀንስለት» አለች። ሚዛኑን ይዤ ነበርና መዘንሁት፤ 50 ግራም ነው። ስለዚህ፥ ውድ አንባቢዎቼ፥ ጌሾአችሁ አዲስ ከሆነ ከላይ 200 ያልሁትን 150 ብላችሁ አርሙልኝ።