ሰላጣውን በሎሚ አጠብነው፤ ታዲያ አለቀ?

በጾም ሰሞን ሰላጣ ከገበታችን አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው ደግሞ የሚበቅለው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። ወንዙ የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫችንን የምንይዘው እኮ ለዚህ ነው።

ሁሌ የሚነገረን ምክር «በደንብ እጠቡ» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን የት ድረስ ያስኬዳል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፍሳሽ ውሃ አጠቃቀም መመሪያ፣ አትክልትን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ጀርሙን በ10 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። ብዙ ይመስላል አይደል? ቅጠሉ ላይ 1 ሚሊዮን ባክቴሪያ ከነበረ ግን 100 ሺህ ቀረ ማለት ነው። ማብሰል ያንኑ ሚሊዮን ወደ አንድ ያወርደዋል። ስለዚህ ከአንድ ማሳ የወጡት ጎመንና ሰላጣ እኩል አያሰጉም፤ ጎመኑ ድስት ይገባል። (የፋብሪካው ኬሚካልና ብረት በእሳት አይጠፋም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

የእኛ ጥያቄ፦ ሸክሙ ሁሉ ለምን ማጀት ላይ ይወድቃል? አትክልቱ ከመሰብሰቡ በፊት ለጥቂት ቀናት ውሃ ማጠጣት ቢቆም፣ ፀሐይና ድርቀት ብቻቸውን ብዙ ጀርም ይገድላሉ። ውሃውን ኩሬ ውስጥ ማቆየት የጥገኛ ትል እንቁላል እንዲዘቅጥ ያደርጋል። ቅጠሉ ላይ ከመርጨት ከሥሩ ማጠጣት ይሻላል። ትኩስ እንዲመስል ብሎ የተሰበሰበውን በዚያው ወንዝ አለቅልቆ ገበያ ማውጣት ደግሞ ጨርሶ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

ውድ ቴክኖሎጂ አይደሉም። ግን ገበሬውን ያከስራሉ፤ ውሃ የተከለከለ ሰላጣ ይጠወልጋል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይወርዳል። የጠወለገውን አንገዛም የምንለው ደግሞ እኛው ነን። ገበሬው ወንዙን አልበከለም፤ ከላይ ሆነን የለቀቅንበት እኛ ከተሜዎቹ ነን። ባዶ እግሩን ውሃው ውስጥ የሚቆመው ግን እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በተበከለ ምግብ ሰበብ በዓመት 420 ሺህ ሰው ይሞታል፤ ከእነዚህ 125 ሺህ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው።

አሁን የወንዝ ዳርቻዎቻችን እየተዋቡ ነው፣ ጥሩ። ውሃው ሳይጸዳ ማሳው ብቻ ቢነሳ ግን ፍሳሹ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል። እዚያም አትክልት አለ፣ ወደኛው ገበያ የሚመጣ።