ኢሲጂው ደህና ከወጣ በኋላ

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ደረቱን ጨብጦ፣ በወንድሙና በጎረቤቱ ተደግፎ ይገባል። ላብ አጥምቆታል፣ ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ «ልቤ ልትቆም ነው» ይላል። ኢሲጂ ይነሣል፣ ለምርመራ ደም ይሰጣል፣ ግፊቱ ይለካል። ውጤቱ እስኪደርስ ሕመሙ ቀለል ብሎለት አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ልብህ ደህና ነው፤ ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው፤ ሂድና ዕረፍ» ይለዋል። ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ይዞት ይወጣል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ሰው ሌላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይገኛል።

ይህን ምልልስ በዘመዶቼም በወዳጆቼም ላይ አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ያንገበግበኛል። ሞትን ፊት ለፊት ያየ ሰው «ምንም የለብህም» ሲባል የሚቀሩት ሁለት ሐሳቦች ናቸው። ወይ በሽታው አልተገኘልኝም፣ ወይ አእምሮዬን ልስት ነው። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ይነሣል፣ ኤምአርአይ ይነሣል፣ ጨጓራው ይመረመራል፤ ለዚህ ሁሉ ይበደራል። ሁሉም «ደህና» እያለ በወጣ ቁጥር ፍርሃቱ ይብስበታል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ ሕመም ፓኒክ የሚባል ስም አለው፤ አመጣጡ ይታወቃል፤ ከአእምሮ ሕመሞች ውስጥም ለሕክምና በደንብ ምላሽ ከሚሰጡት አንዱ ነው። ሕመምተኛው ይህንን መስማት ያለበት እዚያው ድንገተኛ ክፍል፣ በዚያው ሌሊት ነው።

ጥቃቱ ሲነሣ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። አደጋ ሲመጣ ለመሸሽ ወይም ለመግጠም የሚያዘጋጀን ሥርዓት አለን። አድሬናሊን ወደ ደም ይረጫል፤ ልብ ለጡንቻ ደም ለማድረስ ትፈጥናለች፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ላብ ይመጣል። ጨለማ ውስጥ ጅብ ላገኘው ሰው ይህ ሁሉ ሕይወት አዳኝ ነው። በፓኒክ ጊዜ ይኸው ሥርዓት ነፋስ በሩን ባንኳኳው ቁጥር ሌባ መጣ ብሎ ሰፈሩን እንደሚቀሰቅስ የግቢ ውሻ ይሆናል። ውሻው ጤነኛ ነው፣ ጩኸቱም እውነት ነው፤ ሌባው ብቻ የለም።

ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን ደግሞ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከደም ተጠርጎ ይወጣል። ከንፈርና ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው፣ ዙሪያው ሁሉ ሕልም የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። አየር ያጠረውም ይመስለዋል፤ አየር ያጠረ የመሰለው ሰው አብዝቶ ይተነፍሳል፤ አብዝቶ ሲተነፍስ ይብስበታል። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ይወርዳል። ሰው ሆስፒታል ደርሶ ምርመራው ሳይጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው እንጂ አስመስሎ አይደለም። «ራሴን ስቼ ልወድቅ ነው» የሚለው ፍርሃትም እምብዛም አይደርስም፤ ራስን መሳት የሚመጣው የደም ግፊት ሲወርድ ሲሆን በፓኒክ ጊዜ ግፊት የሚወጣው ወደ ላይ ነውና። በነገራችን ላይ፣ ከረጢት አፍ ላይ ደፍቶ መተንፈስ የሚባለው አሮጌ ምክር ዛሬ አይመከርም፤ ሕመሙ አስም ወይም ልብ ሆኖ ከተገኘ አደገኛ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ መሆን በሽታ አይባልም። ብዙ ጤነኛ ሰው በዕድሜው አንዴ ያጋጥመዋል። በሽታ የሚሆነው ጥቃቱ ያለ ምክንያት እየደጋገመ ሲመጣና ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» የሚለው ሥጋት ሲከተል፣ ወይም ሰውየው ኑሮውን በዚያ ዙሪያ መለወጥ ሲጀምር ነው። ከጥቃቱ ይልቅ ሰውን የሚያከስረውም ይኼኛው ነው። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ይቀራል፤ በሩ አጠገብ ቦታ ካልተገኘ ታክሲው ያልፋል። ቅዳሴ ሲኬድ ከሕዝቡ መሐል መቆም ይቀርና ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይሆናል። የባንክ ወረፋ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የሠርግ አዳራሽ አንድ በአንድ ከኑሮ ይወጣሉ። ዘመድ «ኮራችብን» ይላል። መሥሪያ ቤት «ሰነፈች» ይላል። እሷ ግን የውኃ ጠርሙስና ቻርጅ የሞላ ስልክ ሳትይዝ እስከ ሱቅ መሄድ አቅቷታል። «እሷ» ያልኩት ሕመሙ በሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ስለሚበዛ ነው። የሚጀምረውም በአብዛኛው በወጣትነት፣ ሰው ሥራ በሚይዝበትና ትዳር በሚመሠርትበት ዕድሜ ነው።

ሕክምናው የጀመረበት ታሪክ ለድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ቢነገር ደስ ይለኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ሂልሳይድ ሆስፒታል ዶናልድ ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ በጊዜው የነበረው መድኃኒት ላልሠራላቸው ሕመምተኞች ኢሚፕራሚን የተባለ አዲስ ክኒን ይሰጥ ነበር። ከእነርሱ መካከል በየቀኑ «ልሞት ነው» እያሉ ወደ ነርሶች ክፍል የሚሮጡ ነበሩ። ነርሶቹ እጃቸውን ይዘው ያረጋጓቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ፍርሃቱ ይተዋቸዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያው ይደገማል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ሳምንታት በኋላ ሕመምተኞቹ ለውጥ የለም ይሉ ነበር። ወደ እነርሱ የሚሮጥ ሰው መቅረቱን ያስተዋሉት ነርሶቹ ናቸው። ሰዎቹ መጨነቃቸውን አልተዉም፤ ድንገት የሚመጣው የሞት ፍርሃት ግን ቆሟል። ክላይን ከዚህ ተነሥቶ ድንገተኛው ፍርሃትና የዘወትሩ ጭንቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጻፈ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ፓኒክን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው። ነገሩን ያየው ሕመምተኛው ደጋግሞ የሚመጣበትን ደጃፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። የእኛም ድንገተኛ ክፍል ነርሶች ለሦስተኛ ጊዜ የመጣውን ፊት ይለያሉ። የሚጎድላቸው ያዩትን ለይተው ወደሚመለከተው ክፍል እንዲልኩ የሚፈቅድላቸው አሠራር ነው።

ይህን ስል የአካል ምርመራ ይቅር ማለቴ እንዳይመስል። መጀመሪያ መታየት ያለበት አለ። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፤ የእንቅርት ሕመም ደግሞ በአገራችን ብርቅ አይደለም። የደም ማነስ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የስኳር ማነስም እንዲሁ ፓኒክ ሊመስሉ ይችላሉ። በጎልማሳነት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፣ በሥራና በእርምጃ ጊዜ የሚብስ፣ ወይም በእርግጥ ራስን አስቶ የጣለ የደረት ሕመም ልብ ሐኪም ሳያየው ፓኒክ ሊባል አይገባም። ጥያቄዬ ምርመራው አንድ ጊዜ በወጉ ይደረግ፣ ከዚያ ይብቃ ነው። ለአሥረኛ ጊዜ የሚነሣው ኢሲጂ ሕመምተኛውን የሚያስተምረው ልቡ አስጊ መሆኗን ነው። ፋርማሲ ባለፈ ቁጥር ግፊት መለካትም እንዲሁ ነው።

ከሚበላና ከሚጠጣው ውስጥ ስለ ቡና መጠየቅ አለበት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም የሚጠጣ፣ ከሰዓት ደግሞ ማኪያቶ የሚጨምር ሰው ፓኒክ ካለበት ካፌይኑ ጥቃቱን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ጫትም ልብ ያስመታል። ለመረጋጋት ሲባል የሚጠጣው አልኮል ሲለቅ በማግሥቱ ጠዋት ፍርሃቱን ይዞ ይመጣል። ይህን ሐኪሙ ካልጠየቀ ሕመምተኛው ከራሱ አንሥቶ አይነግረውም።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንነውም አለ። ብዙ ሰው ዱካክ ነው ይለዋል፤ ሁለቱ ግን ይለያያሉ። በዱካክ ጊዜ ነቅተው አካል አልንቀሳቀስ ይላል፤ በሌሊት ፓኒክ የነቃው ሰው ግን ተነሥቶ ወደ መስኮት ይሮጣል። ሌሊት የመጣ ነገር ወደ መንፈስ ለመውሰድ ይቀላልና ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ጠበል ነው። በእምነቱ የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ጸሎቱም ይበርታ። የምለምነው በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥና ሐኪሙም ጠበል ሄድኩ ያለውን ሰው እንዳይቆጣው ነው። የተቆጡት ሰው ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ወደ ሕክምናው። በንግግር ከሚሰጡት ሁሉ በማስረጃ የጸናው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። መነሻ ሐሳቡን እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. በግልጽ አስቀምጦታል። ሰውየው በሰውነቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ለውጥ፣ ለምሳሌ ደረጃ ሲወጣ የፈጠነች ልቡን፣ የሞት ምልክት አድርጎ ይተረጉማታል፤ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ልቡን ይበልጥ ያስመታል፤ «ይኸው፣ ያልኩት ደረሰ» ይላል። ሕክምናው ይህንን ትርጓሜ በቃል ብቻ አይከራከረውም፤ በተግባር ያስፈትሸዋል። ባለሙያው አጠገቡ ሆኖ በጠባብ ስትሮ እንዲተነፍስ፣ በቦታው እንዲሮጥ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ እንዲዞር ያደርገዋል። የሚፈራቸው ስሜቶች ሁሉ ይመጣሉ፣ ምንም ሳያደርጉት ይሄዳሉ። ደግሞ ይደገማል። ቀጥሎ የተተወው ኑሮ በትንሽ በትንሹ ይመለሳል፤ ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት በታክሲ፣ መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ኋላ ብቻውን፤ ከዚያ እስከ አራት ኪሎ። ፍርሃቱ ሲነሣ ወራጅ አለ አይባልም፤ እስኪወርድለት ድረስ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። ተሻልኩ ብሎ ጥቃት ዳግም ቢመጣበት እንኳ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

መድኃኒትም አለ። ሰርትራሊን፣ ፍሎክሰቲንና የእነርሱ ወገን የሆኑት በቅድሚያ የሚታዘዙ ናቸው። ሰው ግን የሚተዋቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በጅምሩ እረፍት ሊነሱና ልብ ሊያስመቱ ስለሚችሉ «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ይጥላቸዋል። በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ከጨመረና ሥራውን ለማሳየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈልግ ቀድሞ ከተነገረው ይታገሣል። ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ሱስ ያስይዛል የሚባለው ወሬ ስለ እነዚህ ትክክል አይደለም። ሱስ የሚያስይዘው ዲያዜፓምና ወገኖቹ ናቸው። ወዲያው ያረጋጋሉ፤ ለዚህም ይወደዳሉ። ለወራት የወሰዳቸው ሰው ግን ሊለያቸው ይቸገራል፤ ከዚህም በላይ አእምሮው የሚማረው «ያዳነኝ ክኒኑ ነው» የሚለውን ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሰው ተቀብሎ ኪስ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ባየሁ ቁጥር እሰጋለሁ።

ይህ ሁሉ እያለ ለምን «ምንም የለብህም» ይባላል? ጥፋቱን በአንድ በደከመ ተረኛ ሐኪም ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። አማኑኤል ሆስፒታልን የመሰሉ ጥቂት ተቋማት ከባዱን የአእምሮ ሕመም ሲሸከሙ ኖረዋል። የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረውና አገራችንም የተቀበለችው መርሐ ግብር ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ትኩረቱ ግን ድባቴ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታና ሱስ ነበር። ድርጅቱ ራሱ የጭንቀት ሕመሞችን በመመሪያው ራሱን የቻለ ክፍል የሰጣቸው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ተረኛው ሐኪም ካልሠለጠነበት ነገር ጋር ነው የሚገናኘው። የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች አጭር ሥልጠና ይሰጥ፤ ሕመምተኛው ይዞ የሚሄደው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ከውጤቱ ጋር የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቀጠሮ ይቆረጥ።

ስለ ቤተሰብ ሳልናገር አላልፍም፤ እኛ በፍቅር የምናበላሸው ብዙ ነውና። ጥቃቱ ሲነሣ «ጠንከር በይ፣ ምን ሆንሽ» እያሉ መጮኽ፣ ውኃ ፊት ላይ መርጨት፣ መክበብ አይጠቅምም። አጠገቧ ተቀምጦ በለሰለሰ ድምፅ «ይሄ ያ የምናውቀው ነገር ነው፤ ያልፋል፤ አለሁ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው የደህናው ቀን ነው። እናት ልጇን በየቀኑ እስከ ቢሮ በር ትሸኛለች፤ እህት ቀጠሮዋን ትሰርዛለች፤ ባል ከከተማ መውጣት ያቆማል። ሸኚው በበዛ ቁጥር ግን ብቻዋን የመሄድ አቅሟ ይቀንሳል፤ ሁሉም አደጋ መኖሩን እየመሰከሩላት ነውና። ድንገት ተዋት ማለቴ አይደለም፤ ያ ጭካኔ ነው። ከእሷና ከባለሙያው ጋር ተመካክሮ መቀነስ ነው፦ በዚህ ሳምንት እማማ ታክሲ ውስጥ አብረው ይቀመጡ፤ በሚቀጥለው ታክሲ ተራው ድረስ ይምጡና ይመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤት ሆነው ስልክ ሳይደውሉ ይቆዩ። ለእናት የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከእማማ ጋር ቤት የሚቀመጥ አንድ ሰው ይኑር።