የኮኪት በር በረኛ ይፈልጋል

ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም የኮሞሮስን ግብ ይጠብቅ የነበረው ሰው በረኛ አልነበረም። ስሙ ቻከር አልሃዱር ይባላል፤ ሥራው የግራ መስመር ተከላካይነት ነው። ከቡድኑ ሦስት በረኞች አንዱ ተጎድቷል፤ ሁለቱን ደግሞ ኮሮና ይዟቸዋል። ከሁለቱ አንዱ አሊ አሐመዳ ከቫይረሱ ነጻ ነህ ቢባልም የውድድሩ ደንብ አላስገባውም። እናም ተከላካዩ የበረኛ ማሊያ ለበሰ፤ 3 ቁጥር ጀርባው ላይ በፕላስተር ተለጠፈለትና ገባ። ገና በ7ኛው ደቂቃ ቡድኑ በቀይ ካርድ ወደ 10 ወረደ። ያም ሆኖ የተሸነፉት 2 ለ 1 ብቻ ነው። ያውም በማን? ዋልያዎቹን በዚያው ውድድር 4 ለ 1 በሸኘው ካሜሩን! (ምሽቱ በሐዘንም ይታወሳል፤ በስታዲየሙ መግቢያ በተፈጠረ ግፊያ 8 ሰዎች ሞተዋል።)

ለልጁ ያላጨበጨበ የኳስ ወዳጅ የለም። ግን ጭብጨባው ሌላ፣ ቁም ነገሩ ሌላ። ተከላካይ በር ላይ ቆሞ አንድ ጨዋታ ይወጣ ይሆናል፤ ሲዝን ግን አይወጣም። ይሄ ወሬ ወደ ኮኪት የሚወስደው ለዚህ ነው።

ኮኪት የት ነች? ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መኪና ኮኪትን ሳያልፍ የሱዳን ጠረፍ አይደርስም። ቆላ ነች፤ ሙቀቷ ደገኛን ያስመርራል። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በአጨዳ ሰሞን ከደጋው የሚወርደው ሳሉግ፣ ከሱዳን የሚመለሰው ስደተኛ፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ረዳቱ በዚያው አንድ አስፋልት ይተላለፋሉ። ሰው ብቻም አይደለም፤ ግመልም አለ። ወደ ግመሉ በኋላ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ 2012ን ማስታወስ ደግ ነው። የካቲት 11 ቀን አታላንታ ቫሌንሲያን በሚላኑ ሳን ሲሮ 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ከ40 ሺሕ በላይ ተመልካች ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ አብዛኛው ከቤርጋሞ የመጣ። ከሳምንታት በኋላ ቤርጋሞ ሬሳ በወታደር መኪና የሚጫንባት ከተማ ሆነች። መጋቢት 2 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ሲል፣ በዚያው ዕለት አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልና አትሌቲኮ ማድሪድ በሞላ ስታዲየም ይጫወቱ ነበር። 3 ሺሕ ገደማ የማድሪድ ደጋፊም አብሮ ነበር። በማግስቱ የአርሰናሉ አርቴታ መያዙ ተሰማ፤ መጋቢት 4 ቀን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቆመ። በዚያችው ዕለት ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሰው መያዙ የተነገረው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር።

እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያው ጎል የገባው በቦሌ እንጂ በመተማ አይደለም። ቦሌ ግን ካሜራ አለው፣ ሐኪም አለው፣ ጋዜጠኛ አለው። መጋቢት 14 ቀን የየብስ ድንበሮች ተዘጉ ሲባል በወረቀት ተዘጉ ማለት ነው። ሥራ ቆሞበት ከሱዳን በእግሩ የሚመጣውን ልጅ ወረቀት አያስቆመውም፤ አገሩ ነውና መከልከልም አይገባም። ልጁ የሚቀበለው፣ የሚመረምረው፣ ውኃና ምግብ የሚሰጠው ሰው ነው የሚፈልገው። በዚያን ወራት ከሱዳን ተመልሰው በመተማ ለይቶ ማቆያ የገቡ ሰዎች መያዛቸው በዕለታዊው መግለጫ ይነገር ነበር። አዲስ አበባ ያለው ደጋፊ ግን ቁጥሩን ሰምቶ ወዲያው ወደ ሌላው ጥያቄ ያልፋል፤ ሊጉ መቼ ይጀመራል?

ሊጉ አልጀመረም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፌዴሬሽኑ ውድድሩን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው፤ ሻምፒዮንም የለም፣ ወራጅም የለም ተባለ። ሰንጠረዡን ይመራ የነበረው ፋሲል ከነማ ነው። የዐፄዎቹ ደጋፊ ዋንጫችንን ኮሮና ወሰደብን ቢል ማን ይፈርድበታል? እውነቱ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር። ምርመራው ገና በእግሩ ባልቆመበት አገር፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ የሚዘፍን ደጋፊን ስታዲየም መሰብሰብ ሌላ ቤርጋሞን መጥራት ነው።

የሚያንገበግበው ሌላው ነገር ነው። እዚህ ሊጉ በተሰረዘበት ሰሞን፣ ሚያዝያ 30 ቀን፣ ደቡብ ኮሪያ ሊጓን ጀመረች! ጆንቡክ ሱዎንን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ጎሉን ያገባው አንጋፋው ሊ ዶንግ ጉክ ነው። ተመልካች የለም፣ ስታዲየሙ ባዶ ነው፤ ግን ኳስ አለ። አውሮፓ ከሞላ ጎደል ጭር ባለበት ሰዓት ኳስ የራበው ዓለም የኮሪያን ሊግ ቁጭ ብሎ አየ።

ኮሪያዎች ይህን እንዴት ቻሉ? ሀብት አላቸው፣ አይካድም። ግን ሀብት ብቻ ቢሆን ጣሊያንና እንግሊዝም ሀብታም ናቸው። ኮሪያ ከአምስት ዓመት በፊት በኮሮና ዘመድ ተሸንፋ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ መንገደኛ መርስ የሚባለውን በሽታ ይዞ ገባና ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዞር 186 ሰው ተያዘ፣ 38 ሰው ሞተ። መንግሥቱ ተወቀሰ፣ ተዋረደ። ከዚያ ግን የተሸነፈበትን ጨዋታ ቁጭ ብሎ መረመረው። ሕጉን ቀየረ፣ በአስቸኳይ ጊዜ የምርመራ ኪት ቶሎ የሚፈቀድበትን መንገድ አበጀ፣ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ የሚያገኝ ኃይል አደራጀ። ኮሮና ሲመጣ ኪቱ በሳምንታት ውስጥ ደረሰ። የሊ ዶንግ ጉክ ጎል የተገነባው ከዚያ ሽንፈት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ግመሉ። መርስ መጀመሪያ የታወቀው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2012 ነው (ከእኛው 2012 ጋር አይምታታ)። ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ያህል የሚገድል በሽታ ነው፤ ወደ ሰው የሚያደርሰውም ግመል ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ግመሎች ደም ሲመረምሩ አብዛኞቹ ላይ ቫይረሱ ያለፈበት ምልክት አገኙ፤ ከአፍንጫ በተወሰደ ናሙናም ቫይረሱ ራሱ ተገኝቷል። አይደንግጡ! ግመሉ ላይ እንደ ጉንፋን ነው፤ የአፍሪካው ዝርያም ሰውን እንደ ዓረቡ ሲያጠቃ አልታየም። ኢትዮጵያ ውስጥ በመርስ የታመመ ሰው በይፋ አልተመዘገበም። ግን ቫይረስ ይለወጣል፤ ኮሮና ራሱ ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረ የረሳ የለም። ከቦረና ድረስ ተነድቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄድ የነበረው ግመል ደግሞ መንገዱ ይሄው የቆላው መንገድ ነው። ነጂው አብሮት ያድራል፣ ወተቱን ጥሬውን ይጠጣል።

በ2012 ምንም አልተሠራም ማለት ግን ውሸት ነው። መጀመሪያ ላይ የተጠርጣሪዎች ናሙና የተላከው ደቡብ አፍሪካ ነበር። በወራት ውስጥ ግን በየክልሉ ላቦራቶሪ ተከፈተ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም መመርመር ጀመረ። ይሄ ትልቅ ውጤት ነው፤ ለቆላው ሰው ደግሞ ከሁሉ የቀረበው እሱ ነው። ችግሩ አገሩ የሚነቃው ጎል ሲገባበት ብቻ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ ሕዝቡ በመተማ በኩል ይጎርፍ ጀመር። ልክ በ20ኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ አለ። ዓለም ፊሽካ ሲነፋ መተማ ላይ ጨዋታው ገና እየጀመረ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስደተኞች በሰፈሩበት ኩመር ኮሌራ ገባ። በዚያው ክረምት በክልሉ ግጭቱ ተነሳና መንገዱ ለሐኪምም ለመድኃኒትም ከባድ ሆነ።

ፋሲል ዋንጫውን በ2013 አንስቶታል፤ ያኛው ቂም ተዘግቷል። የበሩ ሥራ ግን ከዋንጫው ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው። በጀት ሲያልቅ የማይበተን ቋሚ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ በሰላሙም ቀን ከመተማ ጎንደር የሚሄድ ናሙና፣ ውጤቱም ሳይውል ሳያድር ወደ ኮኪትና ወደ ገንዳ ውኃ የሚመለስበት አሠራር ያስፈልጋል። ለሳሉጉ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን እርሻው ድረስ የሚሄድ ሐኪም ይመደብለት፤ አሸዋ ዝንብ የምታመጣው ካላዛርም እኮ ስንቱን የጨረሰው እዚያው ነው። ስለ ግመሉ የተጻፈው ጥናትም ፈረንጅ ብቻ አንብቦት አይቅር፤ ለግመል ነጂው በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በዓረብኛም ይነገረው፤ ወተቱን አፍልቶ እንዲጠጣ፣ የታመመ ግመል አፍንጫ የነካ እጁን እንዲታጠብ።