የስም አጻጻፍና የመዝገብ አፈላለግ

በአዲስ አበባ ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስሙን ባገኘው በልደታ ሰፈር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ችሎት ይሰየማል፤ ባለጕዳይም ከያቅጣጫው ይመጣል። መዝገብ ኹሉ ቍጥር አለውና ቍጥሩን የያዘ ሰው አይቸገርም። ቍጥሩ የጠፋበት ግን መዝገቡን በስሙ ማስፈለግ ግድ ይኾንበታል፤ ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ኮምፒዩተር ስምን በጆሮ አይሰማም፤ ፊደልን የሚያውቀው በተሰጠው ቍጥር ብቻ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ሲገባ ለሀ፣ ለሐና ለኀ፤ ለሠና ለሰ፤ ለአና ለዐ፤ ለጸና ለፀ የየራሳቸው ቍጥር ተሰጣቸው። ይህም የተገባ ነበር። ነገር ግን በአማርኛ ንግግር የድምፃቸው ልዩነት ስለ ጠፋ ጸሐፊው ኹሉ እንደ ለመደው ይጽፋል። ኃይለ ሥላሴ የሚለው አንድ ስም ብቻ ቢታይ፥ መነሻው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀና በኃ፥ ሥ በኹለት ዐይነት፥ መጨረሻውም ሴ በኹለት ዐይነት ሊጻፍ ይችላልና 24 አጻጻፍ ይወጣዋል። አንዱ አጋጥሞ ሌላው ለይቶ ሲጽፈው 48 ይኾናል። ለሰው አንድ የኾነው ስም ለመኪናው 48 ነው ማለት ነው። መዝገቡ በመደርደሪያው ተቀምጦ ሳለ «የለም» ይባላል፤ የባለጕዳዩም ቀጠሮ ያልፋል።

በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር መካከሉን እየከፈቱ፣ የማያስፈልገውን ግማሽ እየተዉ ሲመረመር ከአንድ ሚሊዮን ስም የተፈለገው በ20 ምርመራ ያኽል ይገኛል። ኃይሉ የሚባሉት ሰዎች በሀ፣ በሐና በኀ ሥር ከተበተኑ ግን ይህ ኹሉ ፍጥነት ፈላጊውን ወደ ተሳሳተው ገጽ ቶሎ ከማድረስ በቀር አይጠቅምም።

አንዳንዶች ሞክሼዎቹን ፊደላት አስቀርቶ በአንዱ ብቻ መጻፍ ይሻላል ይላሉ። ይህ የችኰላ ምክር ነው። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ግን የሌባ ሥራ ነው፤ ሠረቀ ብርሃን ተብሎ የተጠራ ሰው ስሙ በሰ ሲጻፍ ምን ተብሎ እንዲነበብ ሊቃውንቱ ያውቁታል። የተሻለው መንገድ ስሙን ባለቤቱ እንደ ጻፈው አኑሮ፣ በጐኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ጽሕፈት ማቆም ነው፤ በዚያም ሀ፣ ሐና ኀ ከራብዖቻቸው ጋራ አንድ ኾነው ይቈጠራሉ፤ የቀሩትም እንዲሁ። በአሜሪካ ሮበርት ራስል በ1918 በኤውሮጳ አቈጣጠር የፈጠራ መብት ያገኘበት የስም ማውጫ ዘዴ፥ በድምፅ የሚመሳሰሉትን ስሞች በአንድ ምልክት ሥር በመሰብሰብ ከዚሁ ጋራ ይመሳሰላል።

ይህ ዘዴ ይሰበስባል እንጂ አይለይም። በስም፣ በአባትና በአያት የሚመሳሰሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ለያንዳንዱ ሰው የራሱን ቍጥር የሚሰጠው ስለዚህ ነው። ከዚያ በፊት የተከፈተው መዝገብ ግን ይህ ቍጥር የለውም፤ የልደት ዘመን ለመለየት ይረዳል ቢባልም አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በኤውሮጳ አቈጣጠር ጽፎት ከኾነ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ይገባበታል። ስለዚህ ለአሮጌው መዝገብ የፊደሉን ነገር የሚያውቅ ሰው ከኮምፒዩተር ባለሙያው ጋራ ተቀምጦ፣ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋራ እንደሚቈጠር አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።