«አማረብዎት!» ከማለታችን በፊት

«አዲስ አበባ ተስማማዎት! አማረብዎት እኮ!» ከደብረ ታቦር ወይም ከፋርጣ ገጠር መጥተው ልጆቻቸው ዘንድ የከረሙ እናት ቶሎ የሚሰሙት ይህንን ነው። በጉና ግርጌ ዳገት ሲወጡ ቁልቁለት ሲወርዱ የኖሩ እግሮች እዚህ ከሳሎን እስከ ጓዳ ነው የሚመላለሱት። ደብረ ታቦር ከተማም ቢሆን ድሮ በእግር ይወጣ የነበረው ዳገት ዛሬ በባጃጅ ሆኗል። ውፍረት ደግሞ በእኛ ዘንድ የድሎት ምልክት ነው፤ ማን ይከፋበታል?

ውድ አንባቢ፣ እናትዎ ካረጡ ግን ይህን ኪሎ በሌላ ዓይን ይዩት።

የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይቋረጣል። እስከዚያ ድረስ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን በዋናነት የሚያመርቱት እንቁላል የሚያመነጩት አካላት ናቸው። ሴቷ ስታርጥ እነሱ ያርፋሉ፤ ሰውነት ግን ኤስትሮጅን መሥራቱን ጨርሶ አይተውም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩትን ሌላ ሆርሞን፣ ስብ ውስጥ የሚገኝ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ኤስትሮጅን ይለውጠዋል። ስብ ሲበዛ ኤስትሮጅኑም ይበዛል። ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ዓይነቶች የሚያድጉት ደግሞ በዚሁ ሆርሞን እየታገዙ ነው። ለዚህ ነው ካረጡ በኋላ የሚመጣ ውፍረት ለጡት ካንሰር ያጋልጣል የሚባለው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሴቶች 8 በመቶ ያህሉ ከልክ ያለፈ ክብደት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። የሚገርመኝ ግን የተመዘኑት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት መሆናቸው ነው። ውፍረቱ ጡትን ማስጋት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ሚዛኑ ተነሣ ማለት ነው!

እናቶቻችን አንድ ጋሻ አላቸው፤ ብዙ ወልደው ረጅም ጊዜ አጥብተዋል። ከ30 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አንዲት ሴት ያጠባችበት እያንዳንዱ 12 ወር አደጋውን ከ4 በመቶ በላይ ይቀንሳል። አንድ ሁለት ወልደን ለጥቂት ወራት አጥብተን ወደ ቢሮ የምንሮጠው ልጆቻቸው ግን ይህ ጋሻ ሳስቶብናል። ቀጭን መሆንም ዋስትና አይደለም፤ በአገራችን ብዙ ሴቶች በዚህ በሽታ የሚያዙት ገና ሳያርጡ ነው።

እና ምን ይደረግ? የልብስ ሰፊ ሜትር ያምጡና የእናትዎን ወገብ ይለኩ፤ ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጠንቀቅ ይበሉ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ በመኪና አያድርሷቸው፣ አብረዋቸው ይሂዱ። «ጾም ነው» ተብሎ በዘይት የሚዋኘው ወጥም ይታሰብበት። የደብረ ታቦር አረቄ ሳይቀር፣ አልኮል በጥቂቱም ቢሆን አደጋውን ይጨምራል።

ጡት ላይ የማያም እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ከታየ ግን በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው። ፀበሉም ከምርመራው ጋር ይሂድ እንጂ አያዘግየው። እናቶች ይህን ለወንድ ልጃቸው አይናገሩም፤ ጥያቄውን ሴት ልጃቸው ወይም ምራታቸው ትጠይቅ፣ ቡናው ተፈልቶ ሰው ሳይበዛ።