ገፋ ገፋ አድርጉልን!

 

ሰው ሲታመም ቤቱ ይተኛል። በሩን ዘግቶ ጋቢውን ይከናነባል፤ ጠያቂ ቢበዛበትም «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው» የሚልለት አያጣም። አሮጌ መኪና ግን ይህ ወግ አልደረሳትም። እሷ የምትታመመው አደባባይ ላይ ነው። ያውም አረንጓዴ መብራት ሲበራ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ሲያንባርቀው፣ የታክሲ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ሼባው፣ ጡረታ አስወጣት እንጂ!» ሲል። እናንተ ደግሞ ቁልፉን ደጋግማችሁ እያዞራችሁ፣ አንገታችሁ ላይ የሚወርደውን ላብ ሰው እንዳያይባችሁ... እስቲ አሮጌ መኪና ነድቶ ይህን ያልቀመሰ ካለ እጁን ያውጣ!

የሕመሙ ስም ደግሞ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ... ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የመኪናውን መዝገበ ቃላት ትቶልን ሄደ። መካኒክ ኮፋኖውን ከፍቶ «የእሷ ችግር» ብሎ ሲጀምር በላቲን የሚያወራ ሐኪም ይመስለኛል። ሒሳቡን ሲነግራችሁ ብቻ ነው ጥርት ባለ አማርኛ የሚናገረው።

የእኛ ቤት በሽተኛ ቮልስ ነበረች። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር የገዛት፣ በፈረንጆች 1965 የተሠራች፣ ቀለሟ ሰማያዊ ይሁን አመድማ ቤተሰቡ ያልተስማማባት መኪና። ቮልስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ስር። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው እንጂ ውሃ አይደለም። አባቴ በዚህ ይኮራባት ነበር። የሌላ ሰው መኪና መንገድ ዳር ቆማ እንፋሎት ስትተፋ ሲያይ «የእኔዋ ራዲያተር የላት፣ አታፈላ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ አታፈላም። ሌላውን ሁሉ ግን ታደርጋለች።

በተለይ ባትሪዋ! ባለ 6 ቮልት ነበረች። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖዋ እንደ አስም በሽተኛ አንዴ «ኧኸ» ትልና ጸጥ። ደግ ጎረቤት የባትሪ ገመድ ይዞ ቢመጣም የእሱ ባለ 12 ነው፣ የእኛ ባለ 6፤ አመስግነን እንመልሰዋለን። መድኃኒቷ አንድ ብቻ ነበር፤ መገፋት።

ስለዚህ በቤታችን የሥራ ክፍፍል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ገፊ ነው። እኔ ድንጋይ ያዥ ነኝ። የእጅ ፍሬኗ ለስሙ ስለሆነ ዳገት ላይ በቆመች ቁጥር ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማዋ ስር ድንጋይ እሸጉጣለሁ። ያገኘሁትን ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ በኩሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ራሴ የመረጥኩት፣ እግሬ ስር የሚቀመጥ የግሌ ድንጋይ ነበረኝ። ታናሽ እህታችን ደግሞ በኋላ መስኮት ወደ ውጭ እያየች የሚያውቀን ሰው እየመጣ መሆኑን ትናገራለች። እናቴ ሥራ አልነበራትም። ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት ትቀመጥና፣ እኛ ስንገፋ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ታያለች፤ መኪናዋ በሰላም እየሄደች እንደሆነ ሁሉ! ያን ዓይነት ክብር እኔ አልወረስኩም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ።

በ1993 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ለዚሁ ገፊ ወንድሜ ሽማግሌ ተላከ። የልጅቷ ቤተሰቦች ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ አቀበት ነበር የሚኖሩት። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ የንስሐ አባታችን፣ የዕድራችን ዳኛ፣ የአባቴ የድሮ ባልደረባ የሆኑ ጡረተኛ መምህር። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እኔ ሾፌር ነኝ። አርብ ማታ መካኒክ አይቷት፣ ካንዴላዋ ተጠርጎ፣ ቺንጋዋ ተጠብቆ «አስመራ ድረስ ትወስድሃለች» ተብዬ ነው የወጣሁት።

እስከ ስድስት ኪሎ እንደ ሙሽራ ሄደች። ከዚያ አቀበቱ ጀመረ። የሷ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ያ ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የካርቡሬተር ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በሌላ አነጋገር ስምንቱ ፈረሶች ከመርከብ ሳይወርዱ ቀርተዋል! የቀሩት ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ከነከዘራቸው ተሸክመው እንጦጦን ሊወጡ ነው። ልክ የባህል ልብስ ሱቆቹ ፊት ለፊት፣ የሰርግ ወቅት ነውና መንገዱ በሙሽሮችና በሚዜዎች በተጥለቀለቀበት ቦታ፣ ሁለቴ አስነጠሰችና ቆመች።

ወዲያው ወጣቶች ከበቡን። አንደኛው የፊቱን ክዳን ከፍቶ ትርፍ ጎማውን ሲያይ «ጉድ ነው! ሞተሯን ሰርቀዋታል!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ሽሮ ሜዳን አዳረሰ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ የተቀጠረ ሰዓት አለባቸው። ሞባይል ገና የጥቂት ሰዎች ነበር። ከሱቅ ስልክ መደወል ይቻል ነበር፤ ግን ልጅ ልትጠይቅ የሄደ ሽማግሌ «መኪና ተበላሽታብን ነው፣ ጠብቁን» ብሎ ይደውላል እንዴ?

ችግሩ የቤንዚን ነበር። ሞተሩ ሲግል በቀጭኑ ቱቦና በፓምፑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንና ፓምፑ አየር ብቻ ይመጣል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠምጠም ነው መፍትሔው። ውሃ ፍለጋ ዙሪያዬን ሳይ አንዲት እናት ቢጫ ጄሪካን አዝለው ከእንጦጦ ይወርዳሉ።

«እናቴ፣ ትንሽ ውሃ...»

«ጠበል ነው ልጄ።»

ሁላችንም ወደ ንስሐ አባታችን ዞርን። ጥቂት አሰቡና «ጠበል ለሰው ነው። ከሱቅ ውሃ ግዛ» አሉኝ። ሴትየዋ ግን አዝነውልን ሄደው ከአንድ ደጅ ጣሳ ሙሉ ውሃ ለምነው አመጡልን። የነከርኩት ጨርቅ የመምህሩ መሐረብ ነው።

ፓምፑ ቀዘቀዘ። ባትሪዋ ግን በሙከራው ብዛት አልቃለች። መገፋት አለባት፤ ቮልስን ያን አቀበት ገፍቶ ማስነሳት ደግሞ የማይታሰብ ነው። የነበረው ምርጫ አፍንጫዋን ቁልቁል አዙሮ መልቀቅ ብቻ! ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ከወጣቶቹ ጋር ገፍተው አዞሯት። የማርሚታውን ጥላሸት ማን እንደነካ አላውቅም፤ ሲጨርሱ ግን የሦስቱም እጅ የከሰል ነጋዴ እጅ መስሏል፤ የዕድሩ ዳኛ ኩታ ላይም አምስት ጣት ሙሉ በሙሉ ታትሟል።

እኔ ቁልቁል ተለቀቅኩ። ከሙሽራዋ ቤት እየራቅኩ ማለት ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ፍሪሲዮኑን ስለቀው የተነሳችው መኪና መቆም በተከለከለበት የአንድ ኤምባሲ አጥር ጋ ነው። ዘበኞቹ ፊሽካ ሲነፉ እኔ ዞሬ ወደ ላይ ፈረጠጥኩ። ግን ሽማግሌዎቹ ጋ ስደርስ ማቆም አልደፈርኩም። ዳገት ላይ ከቆመች አትነሳም። ባለ ሁለት በር መኪና ናት፤ የፊቱ ወንበር ታጥፎ ነው ከኋላ የሚገባው፤ እየሄደች ማን ይሳፈራል? የንስሐ አባታችን ነገሩን በአንድ ቃል ፈቱት። «አንተ ቀስ ብለህ ቅደም፤ እኛ በእግራችን እንከተላለን።»

እንዲሁ ሆነ። ቮልስ በአንደኛ ማርሽ እያጓራች ከፊት፣ ሦስት ነጭ የለበሱ አዛውንት ከኋላ፣ መስቀል የያዙት ቄስ መሐል። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች መነሳት ጀመሩ። ባርኔጣ ያወለቀም አይቻለሁ። አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ «ማን ነው ያረፈው?» ብሎ የዕድሩን ዳኛ ጠየቀ። እሳቸውም በዕድር ድምፃቸው «ገና ናት፤ እያጣጣረች ነው» አሉት።

ከሰዓቱ አንድ ሰዓት አሳልፈን ደረስን። እነሱ ገቡ፤ እኔ ሞተሩን ማጥፋት ስለማልችል ደጅ ቀረሁ። ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እንደ ወጉ ቆመው የመጡበትን ከመናገራቸው በፊት የልጅቷ አጎት እጃቸውንም ሰዓቱንም አይቶ «አንዲት መኪና በወጉ መያዝ ያቃተው ቤት፣ የሰው ልጅ ሊይዝ ነው?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። በእኛ አገር ከዚህ ባነሰ ቃል የተበተነ ጋብቻ ስንት አለ!

የልጅቷ አባት ብዙ ዓመት አሰብ መስመር ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው። «እኔ አሰብ መንገድ ላይ አክስል ሰብሬ አራት ቀን በረሃ አድሬያለሁ። ውሃ ሲያመጡልኝ የነበሩት የማላውቃቸው አፋሮች ናቸው» አሉት ወንድማቸውን። ከዚያ ሽማግሌዎቹን «ቆዩ፣ መጀመሪያ ታጠቡ» ብለው ማስታጠቢያ አዘዙና ወደ እኔ ወጡ። በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። (ሞተሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው!) ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

«አጥፋት።»

«አባባ፣ ከጠፋች አትነሳም...»

«ቤቴ ቁልቁለት ራስ ላይ አይደለም? ስትወርዱ ራሷ ትነሳለች። አጥፋና ግባ፤ ቡና ተፈልቷል።»

የዚያን ዕለት ልጅቷን አልሰጡም፤ እንደ ወጉ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። በሁለተኛው ጉዞ ሽማግሌዎቹ ያለ ምክክር በታክሲ ሄዱ። ወንድሜና ሚስቱ ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የአጎትየው ንግግር ግን እስካሁን ቤታቸው ውስጥ ይሠራል። ሻወር ሲበላሽ፣ አምፖል ሲቃጠል፣ እሷ ወገቧን ይዛ «አንዲት መኪና በወጉ መያዝ ያቃተው ቤት...» ስትል ወንድሜ ካቻቪቴ ፍለጋ ይሮጣል።

ቮልሷ ዛሬ የለችም። የመጨረሻዋ የቮልስ ዝርያ ሜክሲኮ ውስጥ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ተሠርታ ምርቱ ሲቆም፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ እንደተሠሩ ሬዲዮ ሲናገር አባቴ ያለው ነገር ቢኖር «መለዋወጫ ሊወደድ ነው» ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ለአንድ ቮልስ ወዳድ ሸጥናት።

እኔ የምነዳው ዲኤክስ ነው፤ እሷም ከብዙዎቻችሁ ትበልጣለች። «ለምን አትቀይራትም?» የምትሉኝ፣ ባለቤቴን ጨምሮ፣ ሒሳቡን ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ የቤንዚን መኪና ማስገባት ቀረና ኤሌክትሪክ ብቻ ሆነ። የማይነሳ ዕቃ በየዓመቱ ዋጋው የሚነሳበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።

የከበደኝ ግን ዋጋው አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ነች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ልክ ተማሪ ሲለቀቅ፣ ትምህርት ቤቷ በር ላይ፣ የዲኤክስ ፍሪሲዮን ተበጠሰ። የክፍሏ ልጆች እየሳቁ ገፍተው ዳር አስያዙን። ልጄ በወንበሩ ላይ ወደ ታች ተንሸራታ ተንሸራታ ከመስኮቱ በታች ሆነች። ማታ ራት ላይ ሳታየኝ «አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ከበሩ ወዲያ ማዶ አውርደኝ» አለች። እናቷ ልትቆጣት ስትል እኔ ዝም አስባልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ማዶ ነው የማወርዳት። ስትሻገር ወደ ኋላ አትዞርም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ሳያልቅ ዲኤክስ ጠፋች፤ ባትሪዋም እምቢ አለች። አላፊ አግዳሚ እስኪመጣ ስጠብቅ የኋላው በር ተከፈተ። ልጄ ጃኬቷን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ ከፊት ለፊት ዞረች፤ ሁለት እጇን ኮፋኖው ላይ አድርጋ በመስታወቱ አየችኝ።

«ወደ ኋላ ቁልቁለት ነው አባዬ! የኋላ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ርገጥ። ስልህ ትለቃለህ፣ እሺ? ገና ነው... ገና... አሁን!»

ተነሳች። ልጄ ትምህርት ቤት ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ ነበር። ደብተሯን ኋላ ወንበር ላይ ረስታ ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ አደረስኩላት፤ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ከበሩ ወዲያ ማዶ ቆሜ።