ስም ለመጥራት አንቸኩል

ፈረንጆች ማንቲስ ሽሪምፕ የሚሉት አንድ አስደናቂ የባሕር እንስሳ አለ። በእውነቱ ማንቲስም ሽሪምፕም አይደለም፤ ለብቻው የቆመ ወገን ነው። ዝርያዎቹ ከ400 ይበልጣሉ። ገሚሶቹ ክንዳቸው እንደ መዶሻ ሆኖ የሸርጣንና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይሰብራሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ክንዳቸው እንደ ጦር ሆኖ ዓሣ ይወጋሉ። ከባለመዶሻዎቹ የአንዱ ምት በሴኮንድ እስከ 23 ሜትር እንደሚፈጥን በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስታውቋል።

ይህን እንስሳ በቤታቸው በመስተዋት ገንዳ፣ ማለት በአኳሪየም፣ የሚያሳድጉ ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ አሉ። አንዳንድ ጊዜም ሳይታሰብ ከባሕር በወጣ ድንጋይ ቀዳዳ ተደብቆ ይመጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ይህ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም የእንስሳው ሕይወት የተንጠለጠለው በመልሱ ላይ ነው። ባለጦሩ የሚቀበርበት ጥልቅ አሸዋ ያስፈልገዋል፤ ባለመዶሻው ግን የድንጋይ ዋሻ ይሻል። አንዳንዱ ከጥቂት ሳንቲሜትር አያልፍም፤ ሊሲዮስኲሊና ማኩላታ የተባለው ግን ወደ 40 ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል።

እንግዲህ እውነተኛው መልስ ከየት ይገኛል? ሻጩ ለገበያው የሚስማማውን ስም ይሰጣል። ወዳጅ ፎቶግራፍ አይቶ «አረንጓዴ ስለሆነ እገሌ ነው» ይላል። ሦስተኛው ሰው የሁለተኛውን ቃል ይደግማል፤ ስሕተቱም በመደጋገም ብቻ እውነት መስሎ ይቀመጣል። ቀለም ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የአንድ ዝርያ ልጆች እንደሚኖሩበት ቦታ አረንጓዴም ቡናማም ሊሆኑ ይችላሉና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በአሳዳጊዎች ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ማጉደል ነው። ፎርስኮል ከቀይ ባሕር ያገኘውን አንዱን ዝርያ የገለጸበት ጽሑፍ፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1775 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ፣ ሊቃውንቱ በብዛት የመረመሩት አልኮል ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የጠፋውን በድን ነው። የሚያዩትም የጅራቱን ቅርፊት ሸንተረርና እሾሁን ነው። መጽሐፋቸውም ለሙያ ባልደረቦቻቸው እንጂ ለሌላው አይነበብም። ስለዚህ ሊቁ ቅርጹን ይዞ ቀለሙን አጣ፤ አሳዳጊው ቀለሙን ይዞ ቅርጹን ሳያይ ቀረ።

ሁለቱን ለማገናኘት የጣሩ አሉ። የበርክሌዩ ፕሮፌሰር ሮይ ካልድዌል ሕያዋኑን እያጠኑ ለአሳዳጊዎች ዝርዝር አዘጋጅተዋል፤ የየዝርያውን ርዝመት፣ ቀለምና መገኛ በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። ለምሳሌ ያህል ጎኖዳክቲለስ ስሚቲ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ አለው፤ ጠላቱን ሲያስፈራራ ክንዱን ዘርግቶ ያሳየዋል። እንዲህ ያለው ምልክት ከጀርባ ቀለም ይልቅ ይታመናል።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ስም የሚጠይቅ ሰው እንስሳው ከየት ባሕር እንደመጣ፣ ርዝመቱን፣ የጅራቱንና የክንዱን ውስጥ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ያቅርብ። ስም የሚሰጥም ሰው በምን ምልክት እንዳወቀው ይናገር። ምልክቱ ካልታየ «ባለመዶሻ ነው፣ ዝርያውን ግን አላወቅሁም» ማለት ይበቃል፤ አሸዋ ወይስ ዋሻ እንደሚሻ ለማወቅ ይህ ብቻ ይረዳልና። ሊቃውንቱም ዕውቀታቸውን ከሣጥን አውጥተው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፉ።

«አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያዩ መመስከር ነው።